ፋየርፎክስ በመዋጮ አይኖርም

«ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ የሚሠራው በመዋጮ ነው፤ የተዳከመውም ለጋሾች ስለሸሹት ነው» ብለሃል። አይደለም፣ ወንድሜ። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አዋጥተው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባለሁለት ገጽ ማስታወቂያ አወጡለት፤ ስማቸውም በደቃቅ ፊደል ገጹን ሞልቶት ነበር። ያ ገንዘብ የማስታወቂያ ወጪ እንጂ የሠራተኛ ደመወዝ አልነበረም። በ2003 የተመሠረተው የፋየርፎክስ ባለቤት፣ ለትርፍ ያልቆመው ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2005 ግብር የሚከፍል ኩባንያ አቋቁሞ ሥራውን ለእሱ አስረከበ። የኩባንያው ዋና ገቢ ደግሞ ለብዙ ዘመን ጉግል በፋየርፎክስ ላይ ቀዳሚ የፍለጋ ምርጫ ሆኖ ለመቀመጥ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ያው ጉግል በ2008 የራሱን ማሰሻ ክሮምን አወጣና ተጠቃሚውን ወሰደበት። ቀላቢውም ተቀናቃኙም አንድ! በመዋጮ የሚኖረውስ የሞዚላ የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድ ነው፤ ምናልባት ያምታታህ እሱ ይሆናል።