ይድረስ ለ«ፈጣን» ምግብ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወግ እንዳይመስልህ፤ ትናንት አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠብቄሃለሁ።

የመጣሁት ቸኩዬ ስለነበር ነው። የደረሰኝ ቁጥር 87። ስክሪኑ 61 ላይ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ 62 አለ፣ ከዚያ (እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም) 90። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ፈገግ ብሎ «እየደረሰ ነው» አለኝ። ከየት ነው የሚደርሰው?

ለመሆኑ ይሄን ስም ማን አወጣልህ? ድሮ እንኳ ስሙ የሚገባህ ሳይሆን አልቀረም። በ1948 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ የማክዶናልድ ወንድማማቾች የምግብ ዝርዝራቸውን አሳጠሩ፣ መኪና ድረስ የሚያመላልሱትን አስተናጋጆች አስቀሩ፣ ወጥ ቤቱንም እንደ ፋብሪካ አደራጁት፤ አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ዳቦ ያሰናዳል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ደንበኛው ሳያዝዝ ምግቡ ተሰርቶ ይጠብቃል። እንግዲህ አንተ ፈጣን አይደለህም፣ ማልደህ የተነሳህ ነህ። «ሽንኩርት ይቅርልኝ» ስል ወጥ ቤቱ በሙሉ ግራ የተጋባውም ለዚህ ነው።

ይባስ ብሎ ስምህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታከራያለህ። ድንች የጠበሰ ሁሉ ፋስት ፉድ ነኝ ባይ ሆኗል። በስልክ አዝዤህ፣ በሞተር ከተማውን ዞረህ፣ ቀዝቅዘህና ተጨማድደህ ስትደርስም ያው ፈጣን ነህ። ሙዝን ግን፣ ልጠህ ወዲያው የምትጎርሰውን፣ ማንም ፈጣን ብሎት አያውቅም።

በ1986 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የማክዶናልድ ቅርንጫፍህ ሊከፈት ሲል ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ ስሎው ፉድ (ዝግ ያለ ምግብ) የሚባለው እንቅስቃሴ ተጠናከረ። ምልክታቸው ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣ ቢያንስ እደርሳለሁ ብላ ሰው አትቀጥርም።

በመጨረሻ መጣህ። አርባ ደቂቃ የጠበቅኩህን በአራት ደቂቃ ጨረስኩህ፤ ከሁለታችን ፈጣኑ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛው «ፋስት» ጾም ማለትም ነው። እንደሱ ከሆነማ ይቅርታ፣ ስምህ ልክ ነው፤ እስክትመጣ ድረስ በደንብ ጾሜያለሁ።

አክባሪህ፣
ቁጥር 87