መሬት የማይነኩ ክቡራን

በድሬዳዋ ከተማችን ቁመታቸው አጠር ብሎ ሞተር ሳይክላቸው ረዘም ያለ ወንድሞቻችን የሚያሳዩት ቆራጥነት እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ጫማ በአንድ ቁጥር ቢበልጥባቸው ለነጋዴው የሚመልሱ፣ አዲስ ሱሪ ይዘው በቀጥታ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሄዱ እነዚሁ ሰዎች፣ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያፈስሱበትን ሞተር ሲመርጡ ግን እግራቸውን ለክተው ራሳቸውን አያዋርዱም። ልኩ የሚወሰነው ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሞቅ ሲል ነው። «አቦ፣ አንተን የመሰለ ሰው በዚያች ዝቅ ባለች ሞተር?» ይላል አንዱ፤ ጀመዓው ይስቃል፤ ነገሩም ያበቃል። የሚነዳው አንድ፣ የሚያየው ግን ብዙ ነውና በድምፅ ብልጫ መወሰኑ ፍትሐዊ ነው።

በሜትር የሚያምኑ ደረቅ ሰዎች ይህ አይገባቸውም። እነርሱ ከጭን መጋጠሚያ እስከ ተረከዝ ይለካሉ፤ የፑልሳር 150 መቀመጫ ከመሬት 785 ሚሊ ሜትር፣ የሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል ደግሞ 875 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል ብለው ያሰላሉ። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ሰው ሲቀመጥበት አሞርዛተሩ ጥቂት እንደሚሰምጥ፣ ሰፊ መቀመጫ ጭንን ስለሚከፍት እግርን እንደሚያሳጥር፣ ስለዚህም ከፍታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ሞተሮች ጠባብ መቀመጫ ያለው ለአጭር ሰው እንደሚሻል ያስረዳሉ። ከመግዛትህ በፊት ዘወትር የምታደርገውን ጫማ አድርገህ ተቀመጥበት፣ ማንም ሳይደግፍህ ከጎን መቆሚያው ላይ አንሣው ይላሉ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ለወሬ የሚሆን ምን ይተርፈዋል?

ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ስሕተት አልሠራም። እርሱ ሲመርጥ ሻጩ ሞተሩን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞለት ስለነበር፣ ሚዛኑን የጠበቀው በራሱ ጉብዝና መስሎት ከፍሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋን የሚያያት እንደ መሐንዲስ ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ የዛፎቹ ጥላ የት እንደሚያርፍ ሌላው ሰው ያውቃል፤ እርሱ ግን የትኛው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ከፍ እንደሚል፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ በቃሉ ይዟል። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ከመቶ ዓመት በኋላ ለግራ እግሩ ማረፊያ ማዘጋጀቷን ሳስብ የከንቲባዎቹ ሁሉ ድካም ከንቱ እንዳልነበረ ይሰማኛል።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ግን ጠርዝ የለውም። አንድ ቀን እዚያው ዳር ፍጥነቱን ቀንሶ ሊቆም ሲል የጫማው ጫፍ አየር ቀዘፈ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ያዘነብል ጀመር። ጥቂት ያዘነበለን ሞተር በጉልበት መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ጎን ስለሚሄድ ጀግናም አይመልሰው። ጎረቤቴ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳይለቅ፣ በታላቅ ጨዋነት አብሮት ተኛ። በአጠገቡ ያለፈች ግመል ዞር ብላ አየችው። ግመል፣ ያ ሁሉ ቁመት እያላት፣ ሰው ሊጭናት ሲፈልግ አስቀድማ ትንበረከካለች፤ የእርሱ ሞተር የሚንበረከከው ሰውየው ከተሳፈረ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከዚህ በኋላ መፍትሔ ፈለገ። ታፔሴሪያ ቤት ወስዶ የመቀመጫውን ስፖንጅ ቢያስቀንስ ወይም ጎኖቹን ቢያስጠብብ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ያያል። ስለዚህ በምስጢር መካኒክ ዘንድ ሞተሩን በሙሉ ዝቅ አስደረገው፤ የጎን መቆሚያውን ማሳጠር ግን አንዳቸውም አላስታወሱም። አሁን ሞተሩ ሲቆም ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ እንደ ዘበኛ፤ ነፋስ ሲነካው ግን በሌላኛው ጎኑ ይወድቃል። የተበሳጨው ጎረቤቴ ወደ ቀድሞው ከፍታው አስመለሰው። ክብሩም አብሮ ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ባቡር ጣቢያው አጠገብ አገኘሁት። ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ የግራ እግሩን በሊስትሮ ሣጥን ላይ አሳርፎ ጫማውን ያስጠርጋል። ልጁ የግራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ «ቀኙስ?» አለው። ልጁ ቀና ብሎ በአየር ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ አየና «ጋሼ፣ እሱማ መሬት መች ነካ?» አለ።