የሳምቡሳ መኪና ፈቃድ ከየት ይወጣል?

እኛ ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ለእረፍት ስንመጣ ከአፋችን የማትጠፋ ነገር አለች። «እዚያ ቢሆን እኮ!» ደሴ ፒያሳ ጥግ ላይ ድንች የምትጠብስ ሴት እናያለን። «እዚያ ቢሆን እኮ ያለ ፈቃድ ምድጃም አታስቀምጥ» እንላለን። ሰሚው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። እኛም ሥርዓት ያየን ሰዎች መስለን ድንቹን ገዝተን እንሄዳለን።

ዘንድሮ ግን የዘመድ ልጅ አፋጠጠኝ። ከጓደኞቹ ጋር ያረጀ ሚኒባስ ሊገዙ ነው። ጎኑን ከፍተው፣ ምድጃ ገጥመው ምግብ ሊሸጡበት አስበዋል። ፉድ ትራክ መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ እናንተ ጋ ፈቃዱ እንዴት ነው የሚወጣው? እኛም እንደሱ እናድርገው» አለኝ። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ጓደኛዬን ፉድ ትራኩ ላይ ስለማግዘው የወረቀቱን ጣጣ አውቀዋለሁ። ለልጁ የነገርኩት ግን ግማሹን እንዲወስድ፣ ግማሹን እዚያው እንዲተወው ነው።

የሚወሰደው የውሃና የእሳት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የፌዴራሉ የምግብ ደንብ፣ የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያው ከንጹሕ ውሃው ታንከር በ15 በመቶ እንዲበልጥ ያዛል። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ሞልቶ አስፋልት ላይ እንዳይፈስ ነው። የእጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው ይለያል። ትኩስ ተብሎ የተቀመጠ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ የለበትም። ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 ዲግሪ በላይ አይወጣም። ጋዙን የእሳት አደጋ ሰዎች ያዩታል። ቤት ያደረ ወጥ ጭኖ መምጣትም ክልክል ነው። መኪናው ምግቡ የሚዘጋጅበት፣ እሱም የሚታጠብበት ፈቃድ ያለው ኩሽና ያስፈልገዋል። ኩሽናው ደግሞ ኪራይ አለው። ጓደኛዬ «ትርፌን የሚበላው እሱ ነው» እያለ ያማርራል። ቢሆንም የበላተኛውን ሆድ የሚጠብቅ ሕግ ስለሆነ እኔ አልከራከረውም።

ችግሩ «የት ትቆማለህ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ የሆድ ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የገበያ ጉዳይ ይሆናል። የሬስቶራንቱ ባለቤት «ኪራይ የምከፍለው እኔ፣ ገበያዬን የሚወስደው ጎማ ያለው!» ይላል። እውነት አለው። ግን አንዳንድ ከተሞች እሱን ለማስደሰት የሄዱበት ርቀት ያስገርማል። ቺካጎ ፉድ ትራክ ከሬስቶራንት በር 200 ጫማ ማለትም 60 ሜትር ገደማ እንዲርቅ ደነገገች። መሃል ከተማ ላይ ከየትኛው የምግብ ቤት በር ነው 60 ሜትር የሚራቀው? መኪናው ላይ ጂፒኤስ ይገጠማል። አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም የለም። ቅጣቱም እስከ 2,000 ዶላር ይደርሳል። ኬክ በመኪና የምትሸጥ ነጋዴ ከተማውን ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ።

ዋሽንግተን ለስለስ ያለች ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ ምርጥ ምርጦቹ ቦታዎች በየወሩ በዕጣ እንዲታደሉ ተደረገ። ለምሳሌ የቢሮ ሠራተኛ ለምሳ የሚወጣበት ፋራጉት አደባባይ አንዱ ነው። ዕቁብ የለመድን ሰዎች ዕጣ አያስከፋንም። ቢያንስ ማን እንደደረሰው ሁሉም ያያል።

ኒውዮርክ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ልጁ ደጋግሞ እንዲሰማኝ የፈለግሁትም እሱን ነው። ከተማዋ የመንገድ ምግብ ሻጮችን ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ 3,000 ገደማ ላይ ገታችው። ለአርባ ዓመት ያህል ሰው ሲጨምር ፈቃዱ አልጨመረም። ታዲያ ምን ሆነ? ከከተማው በ200 ዶላር የሚወጣው የሁለት ዓመት ፈቃድ በጓሮ በኩል ከ20,000 ዶላር በላይ ይከራይ ጀመር። ባለ ፈቃዱ ቤቱ ተኝቶ ይበላል። ጋሪ የሚገፋው ግብፃዊ፣ ባንግላዴሻዊ ወይም ሜክሲኳዊ ግን ሌሊት ተነስቶ ለእሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ ከተማዋ በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃድ ለአሥር ዓመት ልትጨምር ወሰነች። ባለ ፈቃዱ ራሱ ጋሪው ላይ መገኘት አለበት የሚልም ጨመረችበት። ጥሩ ነው፤ ግን እስከዚያ ስንቱ ተበልቷል! «እዚያ ቢሆን እኮ» ስንል ይሄንን አንናገርም።

ወደ ደሴ እንመለስ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሳምቡሳ ከምትጠብስ እናት ጋር ቆሜ አወራሁ። የፈቃዱን ነገር ስጠይቃት ሳቀች። «ተነሺ ሲሉኝ እነሳለሁ። ሲሄዱ እመለሳለሁ። አብሽር፣ ለምደነዋል!» አለችኝ። ይሄን ሰምተው «አገር ቤት ነፃነት አለ፣ ሰው እንደልቡ ይሠራል» የሚሉ የዲያስፖራ ወንድሞች አሉኝ። እኔ ነፃነት አልለውም። ነገ የት እንደምትውል የማታውቅ ሴት ትልቅ ምድጃ አትገዛም። ረዳት አትቀጥርም። ብድር ልጠይቅ ብትል የምታሳየው ወረቀት የላትም። ዘይቱን ከሚገባው በላይ ደጋግማ ብትጠቀምበት እንኳ ተው የሚላት ተቆጣጣሪ የለም፤ የሚመጣው ሁሉ «ተነሺ» ባይ ነው። ጓደኛዬ አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓይነት ወረቀት ሲሞላ ያማርራል። ግን ወረቀቱን ከያዘ በኋላ የሚያስነሳው ሰው ምክንያቱን መናገር አለበት። ቅጣት ቢጻፍበት ይግባኝ የሚልበት ቦታ አለው። እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ነው።

«ታዲያ ለምን ፈቃድ አታወጣም?» ትሉ ይሆናል። የንግድ ፈቃዳችን የቆመው በአድራሻ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነጋዴው ይመዘገባል፣ ቲን ያወጣል፣ ለምግብ ሥራ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከዚያ የኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ ይመጣል። ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። የልጆቹ ሚኒባስ የቤት ቁጥሩ ስንት ይባላል? «ታርጋው አይበቃም ወይ?» አለኝ ልጁ። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን ቀልዱን ወደድኩት፤ ታርጋ እኮ ከቤት ቁጥር ይልቅ ለመፈለግ ይቀላል።

ወጣቶች ሲጠይቁ የሚሰጣቸው የተለመደ መልስ «በማኅበር ተደራጅታችሁ ኑ» ነው። ሲሳካ ሼድ ወይም ኮንቴይነር ይሰጣል። ለጠራቢና ለብየዳ ሠራተኛ ጥሩ ነው። ምግብ ግን ሰው ካለበት ይሄዳል እንጂ ሰው ሼድ ፍለጋ አይመጣለትም። ሰኞ ገበያ ሰኞ ሲደምቅ ሌላው ቀን እንደሱ አይደለም።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውንም ፍርሃት አልካድም። ብዙ ትንንሽ ነጋዴ ፈቃድ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ግብር ነው። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ የነበረው ቅሬታ ገና አልተረሳም። በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት ተደርሶ ነበር። ወረፋ የቆመበት መኪና ደግሞ ለገማች ዓይን ይጋለጣል። ስለዚህ ክፍያው አስቀድሞ ተቆርጦ ካልታወቀ፣ ምስኪኗ ሳምቡሳ ሻጭ ከፈቃድ ይልቅ ሩጫውን ትመርጣለች። አልፈርድባትም።

በአዋጅ ያልተጻፈ የወሎ ደንብም አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ ረቡዕ ነው፣ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው ይመጣል። ኒውዮርክ ያሉት ጋሪዎች «ሐላል» ብለው በትልቁ ጽፈው ይገላግላሉ። ደሴ ላይ ያው ሻጭ ሁሉንም ማስተናገድ ይፈልጋል። መፍትሔውን እናቶች ድሮ ጨርሰውታል፤ የምስር ሳምቡሳ። የጾም ነው፣ ለሙስሊሙም ችግር የለውም፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ ይፈለጋል፣ በዐቢይ ጾምም ይሸጣል። በዚያ ላይ ደንበኛው ፊት ከዘይት ወጥቶ ስለሚሰጥ የ57 ዲግሪውን ሕግ ያለ ቴርሞሜትር ያሟላል። ልጆቹ በርገር በማዮኔዝ ካልሆነ ብለው ነበር። ተዉ ብያለሁ። በተለይ ኮምቦልቻ ላይ።

ኮምቦልቻን ያነሳሁት ለምክንያት ነው። ደሴ ለመኪና ምግብ ቤት አትመችም። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዘርግታ፣ መንገዷ ጠባብ፣ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሚኒባስ አቁሞ ሰው ማሰለፍ ማለት ባጃጁን፣ ታክሲውንና እግረኛውን ማጋጨት ነው። በየከተማው ኮሪደር ልማት እየተባለ መንገድ ዳር በሚጸዳበት ጊዜ ደግሞ ማንም እሺ አይልም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ግን ሜዳ ነው። በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ፈረቃ የሚቀይር ሠራተኛ ፈጣንና ርካሽ ምግብ ይፈልጋል። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና ሹፌርም እንዲሁ። ችግሩ ከደሴ ይሞቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ የሚያድር ምግብ ኮምቦልቻ ላይ እስከ ከሰዓት አይቆይም። ፍሪጅ ሳይኖር ማዮኔዝ ማለት ሆስፒታል ማለት ነው።

የከተማ አስተዳደር ሰው ብሆን የምጀምረው በትንሹ ነው። አንድ ወረቀት፣ በላዩ የባለቤቱ ስም፣ ታርጋው፣ የሚቆምበት ቦታና ሰዓት። የምግብ ቤት ሠራተኛ ከሚጠየቀው የጤና ምርመራ ውጪ አዲስ ነገር የለበትም። ሁለት ሮቶ፣ አንዱ ለንጹሕ፣ አንዱ ለቆሻሻ። የጋዝ ሲሊንደሩ ከእሳቱ የራቀና የታሰረ። ክፍያው በዓመት አንዴ፣ መጠኑ በር ላይ የተለጠፈ። የፈቃድ ቁጥር ጣሪያ አይደረግበትም፤ የኒውዮርክን የጓሮ ኪራይ ኮምቦልቻ ላይ ማየት አልፈልግም። ከካፌ በር ስንት ሜትር ይራቅ የሚለውም ይቅር። የካፌ ባለቤቶች መጮኻቸው አይቀርም። በ2014ቱ ጦርነት ዕቃቸውን ተዘርፈው ከባዶ የጀመሩ ስላሉ ጩኸታቸው ከንቱ አይደለም። እነሱ ጋ ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል፤ የፓርኩ ሠራተኛ ግን የምሳ ሰዓቱ አጭር ነውና ካፌ ድረስ አይሄድም። መኪናው የሚቆመው ፓርኩ በር ላይ ከሆነ የሚያጣላቸው ነገር ትንሽ ነው።

ልጆቹ ሚኒባሱን ሊገዙ ተስማምተዋል። ጎኑን በመጋዝ ከመቁረጣቸው በፊት ግን መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ሊብሬው ላይ የአገልግሎት ዓይነቱ ይቀየር እንደሆነ ይጠይቁ ብያለሁ። እምቢ ከተባሉ ቢያንስ ሰው ሊጭኑበት ይችላሉ። ከተቆረጠ በኋላ እምቢ ከተባሉ ግን የሚገዛቸው ቁራሌው ብቻ ነው።