ከፊልሙ ቀጥሎ የሚመጣው ገለጻ

ለቤተሰብ የአኒሜሽን ፊልም አሳይቶ ወዲያው የአየር ንብረት ተመራማሪን መድረክ ላይ መጋበዝ ይጠቅማል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሆኖም የትኛው ፊልም ይመረጥ የሚለው ጉዳይ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ያገኘው የላትቪያው «ፍሎው»፣ አንድ ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር በጀልባ ሆኖ ከጎርፍ ሲሸሽ የሚያሳይ ሲሆን፣ አንድም የሰው ቃል ስለሌለበት ሕፃኑም አዛውንቱም ያለ አስተርጓሚ ይከታተሉታል። ነገር ግን ውሃው ዓለሙን ሁሉ በፍጥነት ሲውጥ ያየ ልጅ፣ ነገ ከተማችን ትሰምጣለች ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም (አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ስለ ድመቱ መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቃል)። ተመራማሪው ንግግሩን ከዚህ የመስጠም ስጋት ቢጀምር መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ የባሕር ጠለል ከፍ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የምድር በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ እንኳ ጭማሪው 70 ሜትር ያህል ነው፤ ያም ብዙ ሺህ ዓመታት ይፈጃል። በአንጻሩ አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል፣ ድንገተኛ ዶፍና ደራሽ ጎርፍ እየበረታ መሄዱ በፊልሙ ውስጥ ለእውነት የሚቀርበው ክፍል ነው።