ከክንድ በፊት እግር

ስለ ጀልባ ቀዘፋ አጀማመር ያነበብኩት ጽሑፍ «በቅድሚያ ክንድ አጠንክሩ» ማለቱ ጀማሪን ያሳስታል። ዋናው ኃይል የሚመጣው ከእግር ነው። መጀመሪያ በእግር መግፋት፣ ቀጥሎ ወገብን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ በመጨረሻ እጀታውን ወደ ደረት ግርጌ መሳብ። ሲመለሱ ተቃራኒው፦ እጅ፣ ወገብ፣ ጉልበት። ጉልበት ቀድሞ ከታጠፈ እጀታው ይጋጨዋል፣ ሚዛንም ይጠፋል። ይህን ጂም ውስጥ ባለው የቀዘፋ ማሽን መለማመድ ይሻላል፤ የአየር መቆጣጠሪያው (መሳቡን የሚያከብደውና የሚያቀልለው ማስተካከያ) ከ3 እስከ 5፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ምት (አንድ ምት ማለት አንድ ሙሉ መሳብና መመለስ)። መቆጣጠሪያውን 10 ላይ አድርጎ መታገል ወገብ ከማሳመም በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

በሁለት መቅዘፊያ ሲቀዘፍ እጀታዎቹ መሃል ላይ ይደራረባሉ፤ ግራ እጅ ከቀኝ ትንሽ ከፍ ይበል። አውራ ጣት እጀታው ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ይግፋ። ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚገለብጠው እጀታውን ጨምቆ ይዞ የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ጫፍ ቀጥ አድርጎ ሳያቆም ውሃ ውስጥ መክተት ነው፤ ጫፉ ጠልቆ ይያዛል፣ እጀታው ሆድ ይመታል።

የውድድር የአንድ ሰው ጀልባ 8 ሜትር ገደማ ረዝሞ በጣም ጠባብ ስለሆነ ለመማሪያ ሰፊውን ምረጡ።

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ከሆነ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሳል። ቀዛፊ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ በየጥቂት ምቱ ዞር ብሎ ማየት ግድ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ አለ፣ ጉማሬም አለ፣ በተለይ ቄጠማው ዳር። ከተገለበጣችሁ ጀልባዋን አትልቀቁ፣ ትንሳፈፋለች። ላይፍ ጃኬቱን ዋና የሚችልም ይልበስ።