ነፃው ትምህርትና የባለዕዳዎች ደብተር

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። ግን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ልጁን ሊያስመዘግብ ባዶ እጁን የሚሄድ ወላጅ አላየሁም። የጥበቃ አለ። የወንበር ማስጠገኛ አለ። የፈተና ወረቀት ማባዣ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» የሚባለው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ንቅናቄ ተጨምሯል። ስሙ ይቀያየራል እንጂ ያው መዋጮ ነው። «በፈቃደኝነት ነው» ይባላል፣ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ግን ሰኔ ላይ የልጁን ካርድ ሊቀበል ሲሄድ «እስቲ ቆይ፣ ስምህ እዚህ ጋ አለ» መባሉ አይቀርም።

መዋጮን ማማረር አዲስ ነገር አይደለም፣ በየሻይ ቤቱ የሚወራ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መዋጮ ትምህርት ቤቶቻችንን እርስ በርስ እያራራቃቸው ነው። የአማራ ክልልም ሆነ ትምህርት ሚኒስቴር «ፍትሐዊ ትምህርት» ሲሉ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ስለ ፈተና ያወራሉ። ብሩ በምን ሂሳብ እንደሚከፋፈል ግን ብዙም አይወራም። ፍትሕ የሚጓደለው ደግሞ እዚያው ጋ ነው።

ምዝገባ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ትሁትም ናት። «እማማ፣ ወተመህ ነው የወሰነው፣ እኔ ምን ላድርግ ብለው ነው?» አለቻቸው። ወተመህ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ነው፣ ለማታውቁት። እናትየዋ አልተከራከሩም። «ሦስት ልጅ ነው ያለኝ የኔ ልጅ። ዘንድሮ የትልቁን ልክፈል፣ የመካከለኛዋን ኅዳር ላይ፣ የትንሹን ደግሞ...» እያሉ በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ጸሐፊዋም «አብሽሩ፣ እመዘግብልዎታለሁ» አለችና ስማቸውን በሌላ ደብተር ላይ ጻፈችው። የባለዕዳዎች ደብተር መሆኑ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ገጹ ግን የተሞላ።

ልብ በሉ፣ ይህ ከተማ ውስጥ ነው። እዚህ ሦስት ወላጅ ሲያቅተው ሠላሳው ይከፍላል። ነጋዴ አለ፣ ደሞዝተኛ አለ፣ ውጭ አገር ያለ አጎት አለ። የቀድሞ ተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው ኮምፒውተር ይገዛሉ፣ ሽንት ቤት ያሠራሉ። ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይዞ ደጅ ይጠናል፣ አንዳንዴም ይሳካለታል። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላችሁ ቃሉ ወይም አልብኮ ገጠር ውስጥ ስትገቡስ? ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ለማን ይጽፋል? ገበሬው ማዋጣት የሚችለው ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበቱን ነው። እሱንም ሳይሰስት አዋጥቷል፤ ስንቱ የወሎ ገጠር ትምህርት ቤት የቆመው በሕዝቡ ትከሻ ነው። ግን ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ሙከራ ማሟላት አይቻልም።

ባለሥልጣኖቻችን መድረክ ላይ ሲወጡ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይወዳሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሎሚ ባለበት ሰፈር።

ወደ ፈተናው ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በ2015 ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ኩረጃ መቆሙ ትክክል ነው፣ እደግፈዋለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ከሚያለቅሱት ጋር አላለቅስም። ፈተናው ሐቀኛ ሆነ። ከፈተናው በፊት ያለው አሥራ ሁለት ዓመት ግን እንደነበረው ነው።

ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወረቀት፣ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሲያሳልፉ አይተናል። «ጎበዞችን መርጠው ስለሚያስገቡ ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ይሁን። ግን እነዚያ ጎበዞች ከየት መጡ? ከእኛው ትምህርት ቤቶች ነው የመጡት። እዚያ ሲገቡ አልጋ አገኙ፣ ሦስት ጊዜ በሉ፣ ማታ መብራት አላቸው፣ ክፍለ ጊዜ የማይዘል መምህር አላቸው። መንግሥት ልጅ እንዴት እንደሚማር ያውቃል ማለት ነው። ለጥቂቶች እያደረገው ነውና።

የቀረውን ልጅ ሕይወት ልንገራችሁ። የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወደ ወረዳ ከተማ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወደ ቤተሰብ በእግር፣ እሑድ ከሰዓት ስንቅ ተሸክሞ መመለስ። ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ካለ ድርቆሽ። ኩታበር ይሁን ሐይቅ ወይም አቀስታ፣ እሑድ አመሻሽ ላይ መንገዱን ብታዩት ማዳበሪያ ከረጢት በትከሻቸው ያደረጉ ልጆች ናቸው የሞሉት። ማታ ኩበቱን አያይዞ፣ ቂጣ ጋግሮ፣ ከዚያ ነው ደብተር የሚገለጠው። ሴት ከሆነች ለአከራይዋ ውሃ ትቀዳለች፣ ጓሮ ትጠርጋለች፣ ከዚያ በላይ የሚገጥማትንም እናውቃለን። ስንቁ ሐሙስ አካባቢ ያልቃል። ዓርብ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሚቀር የወረዳ መምህራንን ጠይቋቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃናት ይመገባሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣቸዋል። ጎሽ የሚያሰኝ ነው፣ ማንም አይቃወምም። ግን የአዲስ አበባው ልጅና የለጋምቦው የገጠር ልጅ አንድ ቀን አንድ ፈተና ፊት ይቀመጣሉ፤ አሁን አሁንማ ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ የገጠሩ ልጅ አይጥ (ማውስ ማለቴ ነው) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ፈተና አዳራሹ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ጦርነቱንም መዝለል አይቻልም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ፣ ትምህርት ቤቶቻችን የደረሰባቸውን ያየ አይረሳውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል። በየቦታው ወንበር ማገዶ ሆኗል፣ መዝገብ ተበትኗል። ያንን ሳንጠግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሌላ ግጭት ገባ። በ2017 ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ የአማራ ክልል ልጆች ከአራት ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን የገለጸው ራሱ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት።

አሁን ብሩ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። ፌዴራል ለክልል ድጎማ ይሰጣል፣ ክልል ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ጥቅል በጀት ይለቃል፣ ወረዳው ደግሞ ለየጽሕፈት ቤቱ ያከፋፍላል። ትምህርት ጽሕፈት ቤት የደረሰው ገንዘብ አብዛኛው ደሞዝ ነው። ደሞዝ ሲከፈል ሥራ ማስኬጃ ተብሎ የሚቀረው ጠመኔና ቀለም ቢገዛ ነው። ከዚያ ሌላ የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባል አለ፣ በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ የሚመጣ። በቁጥር መሆኑ ፍትሐዊ ይመስላል፣ አይደል? እስቲ አስቡት። ደሴ መሃል ሁለት ሺህ ተማሪ ያለውና ገጠር ሁለት መቶ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ሁለቱም አንድ ጣሪያ ያፈሳል እንበል። ቆርቆሮ ዋጋው በተማሪ ቁጥር አይቀንስም። እንዲያውም ገጠር ድረስ ለማድረስ የመኪናው ይጨመርበታል። ግጭት ሲመጣ ደግሞ ተማሪ ይቀራል፣ ተማሪ ሲቀር ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ሲወርድ ድጎማው ይቀንሳል። መስኮቱ በተሰበረበት ዓመት ብሩ ያንሳል ማለት ነው።

ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሞላል? መዋጮ። መዋጮ ደግሞ ያለው የሚሰጠው ነገር ነው። ላለው ይጨመርለታል እንደተባለው ሆነ።

የትኛው ትምህርት ቤት ችግረኛ እንደሆነ መንግሥት ባያውቅ ኖሮ ባልተናደድኩ። ያውቃል! ከዓመታት ጀምሮ ኢንስፔክሽን የሚባል አለ። ባለሙያ ይሄዳል፣ ክፍል ይቆጥራል፣ መምህር ያያል፣ ውሃና ሽንት ቤት ይመለከታል፣ ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ዝቅተኛው ነው። አብዛኛዎቹ ከደረጃ በታች እንደሆኑ ሚኒስቴሩ ራሱ በየመድረኩ ይናገራል። ግን ደረጃ 1 የተሰጠው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ስለሆነ ተጨምሮለት የሚያገኘው ብር የለም። የሚያገኘው ግብረ መልስ ነው። «ግቢውን አረንጓዴ አድርጉ፣ ቤተ መጻሕፍት አደራጁ፣ ኅብረተሰቡን አስተባብሩ።» ኅብረተሰቡን አስተባብሩ ማለት አዋጡ ማለት ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የክልሉ ምክር ቤት ሐምሌ ላይ በጀት ሲያጸድቅ፣ ያንን የኢንስፔክሽን ደረጃ የድጎማው ቀመር ውስጥ ያስገባው። ደረጃ 1 ያለው በተማሪ ከደረጃ 3 የበለጠ ያግኝ። ከመኪና መንገድ የራቀው፣ በጦርነት የወደመው፣ ተፈናቃይ ልጆችን የተቀበለው ይጨመርለት። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ባሉ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ያልጠበቁትን ተማሪ ተቀብለው በድሮው ወንበር ነው የሚያስተምሩት። አዲስ ጥናት አያስፈልግም፣ አዲስ ኮሚቴም ይቅርብን በእናታችሁ። መረጃው ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ ተቀምጧል።

መምህሩም ያው ነው። አዲስ ምሩቅ ገጠር ይመደባል፣ አገልግሎት ይቆጥራል፣ ነጥብ ሲሞላለት ዝውውር ይጠይቃል፣ ደሴ ይገባል። አልፈርድበትም። የማውቀው የሒሳብ መምህር ገጠር እያለ የሚያድርባት ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ፣ በሯ በሽቦ የሚታሰር ነበረች፤ ለደሞዝ ወረዳ ለመውረድ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነበር የሚሄደው። እሱ ሲዛወር በቦታው የሒሳብ መምህር ሳይመጣ አንድ መንፈቅ ዓመት አለፈ፣ ክፍለ ጊዜውን የስፖርት መምህሩ ያዘው። ልምድ ያለው መምህር ከተማ ይከማቻል፣ ለማጅ ገጠር ይለማመዳል። ይህን በማስገደድ አትፈታውም። የመምህር መኖሪያ ሥራለት፣ የቦታ አበልም ስጠው፣ ያኔ የሚቆይ ይቆያል።

«መንግሥት ብር ከየት ያምጣ?» የሚሉኝ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ወዳጄ ርዕሰ መምህር ነው፣ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ መዋጮ ይቅር ትላለህ፣ ነገ ጥበቃዬን ማን ይከፍልልኛል?» አለኝ። ልክ ነው። መዋጮ በአንድ ቀን ይቅር አላልኩም፣ ቢቀር ስንቱ ትምህርት ቤት በሩን ይዘጋል። የመንግሥቱ ብር ግን መዋጮ ወዳለበት ሳይሆን ወደሌለበት ይሂድ። ትልቅ መዋጮ መሰብሰብ የቻለ የከተማ ትምህርት ቤት ከሥራ ማስኬጃው ትንሽ ቢቀነስበት አይሞትም። የከተማ ወላጅ እንደማይወድልኝ አውቃለሁ። እኔም የከተማ ወላጅ ነኝ፣ ልጄ ያለው እዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እያደገ መሄድ አለበት ይላል። ማደጉ ላይ መከራከር ይቻላል፣ ያለውን በትክክል ማከፋፈል ግን የዶላር ጉዳይ አይደለም።

ለመጀመሪያ ያህል ደግሞ ብር የማይጠይቅ ነገር አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፣ ደቡብ ወሎ ዞንም፣ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ደረጃ፣ የዓመቱን ድጎማና የተሰበሰበውን መዋጮ አንድ ወረቀት ላይ አድርገው በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ነሐሴ ላይ ቢለጠፍ፣ እኚያ ሦስት ልጅ ያሏቸው እናት የሚጠየቁት ለምን እንደሆነ ያያሉ፣ የወተመህ ስብሰባ ላይም እጃቸውን የሚያወጡበት ነገር ይኖራቸዋል።