ሰው ሲያይ ብቻ የሚወጣው ባቡሬ

እኔ የምለው፣ ባቡር ሰው ይለያል እንዴ? ዓርብ ማታ ብቻዬን ኬለር (ምድር ቤት) ወርጄ ትንሹን ሞዴል ባቡሬን ስነዳው ሃያ ዙር ዞረ። ንቅንቅ የለም። ቅዳሜ ሦስቱ ጓደኞቼ ቡና ሊጠጡ መጡና "እስኪ አሳየን" አሉኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ጥጉ ጋ ያለችው ኩርባ ላይ ሲደርስ፣ ጠርርር... ቀጭ! ሦስት ፉርጎ በጎኑ ተጋደመ። ባለቤቴ ከላይ ሆና "ወጣ?" አለች። ድምፁን ለምዳዋለች እኮ!

ለማታውቁት፣ የኔ ባቡር የእውነተኛው 87ኛ እጅ ነው፣ ኤችኦ ይሉታል። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጎማውን ሐዲዱ ላይ የሚያቆየው ከንፈር ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቢወጣ አይገርመኝም። እኔን ያቃጠለኝ ምክሩ ነው።

አንዱ "ጎማው ጠቦ ነው" ብሎ መለኪያ አወጣ። ከኪሱ! ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ካሊፐር ይዞ ይዞራል? ሁለተኛው ፉርጎውን በእጁ መዘን አደረገና "ይሄማ ላባ ነው" አለ። እሱስ እውነቱን ነው። የአሜሪካኖቹ የሞዴል ባቡር ማኅበር በሚመክረው ስሌት 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 113 ግራም ገደማ መመዘን አለበት፣ የኔ በኩሽና ሚዛን 60 ወጣ። ቁጭ ብለን ባለ አሥር ሳንቲም ዩሮ እየለቀምን በየፉርጎው ሆድ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ለጠፍን። አሁን ፉርጎዬ ከኔ ኪስ የተሻለ ገንዘብ ይዟል። ለቀቅነው። ያችው ኩርባ። ቀጭ።

ሦስተኛው የድሬ ልጅ ነው። "እኔ እኮ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው ያደግኩት" ብሎ ከጀመረ ማን ያቆመዋል! ወንድሜ፣ የድሬው የድሮ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ ለ87 ስታካፍለው 11.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚመጣው፣ እንግዲህ ልምድህ ራሱ የኔ ሐዲድ ላይ አይገጥምም አልኩት። "አንተ ነህ ከሐዲድ የወጣኸው" ብሎ አሳቀብኝ።

ከሄዱ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኩለ ሌሊት ላይ ወርጄ ኩርባዋን በጥፍሬ ስዳብስ ያዝ አደረገኝ። ሐዲድና ሐዲድ የምታያይዘው ትንሽዬ ቆርቆሮ አለች አይደል? አንዱ ሐዲድ ውስጧ መግባት ሲገባው ላይዋ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አትሆንም! ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ታዲያ ዓርብ እንዴት አለፈ? ዓርብ ቀስ ብዬ ነበር የነዳሁት። ቅዳሜ ጉራዬ መጣና ፍጥነቱን ለቀቅኩት። ይቺን ግን ለነሱ አልነግራቸውም።

አርባ ዙር ቀርጬ ቪዲዮውን ላክሁላቸው። የድሬው ልጅ "ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፣ ቅዳሜ መጥተን በዓይናችን እናያለን" ብሎ መለሰ። ቡናውን ሳሎን ነው የማፈላው። የኬለሩ ቁልፍ ደግሞ ጠፍቷል።